የኮሌስትሮል መድኃኒትና ኢንፌክሽን ከስትሮክ በኋላ፦ አስታማሚው ምን ያስተውል፣ ምን ያድርግ?

ስትሮክ የመታው ሰው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ትኩሳት ሲጀምረው፣ ደረቱ ሲያንኮራፋና ትንፋሹ ሲፈጥን፣ አልጋው አጠገብ የተቀመጠው አስታማሚ ዐይኑን መጀመሪያ የሚጥለው አዲስ በታዘዙት መድኃኒቶች ላይ ነው። ስትሮኩ የመጣው ከደም ሥር መዘጋት ከሆነ፣ ከእነዚያ መድኃኒቶች መካከል በጥቅሉ ስታቲን ከሚባሉት የኮሌስትሮል መድኃኒቶች አንዱ አይጠፋም፤ አቶርቫስታቲን፣ ሮሱቫስታቲን ወይም ሲምቫስታቲን። አስታማሚው «ይህ ክኒን የሰውነትን የመከላከል አቅም ያዳክማል» የሚል ነገር ከዚህ ቀደም ሰምቶ ከሆነ፣ ማንንም ሳያማክር ክኒኑን ወደ ጎን ማድረግ ይቀናዋል። በተቃራኒው ደግሞ «ስታቲን ከኢንፌክሽንም ይጠብቃል» የሚለውን ወሬ አምኖ ሌላውን ጥንቃቄ የሚያላላ አለ። ሁለቱም ታማሚውን ይጎዳሉ፤ የመጀመሪያው ግን የባሰ ነው።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት አስታማሚዎች ክኒኑን በመጠራጠር የሚያጠፉትን ጊዜ፣ ኢንፌክሽን በእውነት በሚገባባቸው በሮች ላይ እንዲያውሉት ነው። እነዚያ በሮች ጉሮሮ፣ አፍ፣ የሽንት ቱቦና ለረጅም ሰዓት ያለ እንቅስቃሴ መተኛት ናቸው። ስታቲንና ኢንፌክሽን በትክክል የሚገናኙበት ቦታም አለ፤ እሱም ለኢንፌክሽኑ የሚታዘዘው መድኃኒት ከስታቲኑ ጋር ሲጋጭ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ይህንን በመሆኑ ከታች ሰፋ አድርጌ እመለስበታለሁ። እዚህ የሰፈረው ሁሉ ከሐኪምና ከፋርማሲ ባለሙያ ጋር ለመነጋገር የሚያዘጋጅ እንጂ የእነርሱን ውሳኔ የሚተካ አይደለም።

ኢንፌክሽኑ ከየት ይመጣል?

በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ አሰባስቦ የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ሥራ እንደሚያሳየው፣ ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች መካከል ከመቶ 30 ያህሉ ኢንፌክሽን ያጋጥማቸዋል። የሳንባ ምች ከመቶ 10 ገደማ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም እንዲሁ ከመቶ 10 ገደማ ነው። ይህ ቁጥር ስታቲን የሚወስዱትንም የማይወስዱትንም የሚያጠቃልል መሆኑ ልብ ይባል።

የመጀመሪያው ምክንያት የተጎዳው አንጎል ራሱ ነው። አንጎል ድንገት ሲጎዳ ሰውነትን ለአደጋ የሚያነሣሱት የሲምፓቴቲክ ነርቮች ከልክ በላይ ይነቃሉ፤ እንደ አድሬናሊንና ኮርቲሶል ያሉት የጭንቀት ሆርሞኖችም በደም ውስጥ ይበዛሉ። በዚህም የተነሳ ሊምፎሳይት የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች በሰዓታት ውስጥ ቁጥራቸው ይቀንሳል፤ የቀሩትም ባክቴሪያን የመዋጋት ብርታታቸው ይደክማል። ስትሮኩ በሰፋ መጠን ይህ ድክመት ይበረታል። አስታማሚው የሚያየው የአቅም መዳከም እውነት ነው፤ ነገር ግን የተጀመረው ታማሚው የመጀመሪያውን ክኒን ከመዋጡ በፊት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት መዋጥ አለመቻል ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከስትሮክ ታማሚዎች ግማሽ ያህሉ በደንብ መዋጥ ያቅታቸዋል። ጤነኛ ሰው ውኃ ወደ አየር ቧንቧው ሲገባበት ትን ይለዋል፣ ሳል ይነሣበታል፣ ያወጣዋል። ጉሮሮው የደነዘዘ ታማሚ ግን ሳያስለው፣ ፊቱም ሳይለወጥ፣ ምራቁና ውኃው ቀስ እያለ ወደ ሳንባው ሊወርድ ይችላል። «ምንም ትን አላለውም» ብሎ መጽናናት የማይገባውም ለዚህ ነው። ከምራቁ ጋር የሚወርደው ደግሞ ባልጸዳ አፍ ውስጥ የተራባ ባክቴሪያ ነው።

የሽንት ቱቦ የገባለት ታማሚ ቱቦው በቆየ ቁጥር ለሽንት ኢንፌክሽን ይጋለጣል። ሳይገላበጥ በጀርባው ብቻ የሚተኛውም ሳንባው በደንብ አይከፈትም፣ ቆዳውም ይቆስላል።

በስታቲን ላይ ያለው ጥርጣሬ ምን መሠረት አለው?

ስታቲኖችን በመጀመሪያ ያገኘው ጃፓናዊው የባዮኬሚስትሪ ሊቅ አኪራ ኤንዶ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከሻጋታ ዝርያዎች መካከል ኮሌስትሮል እንዳይሠራ የሚያግድ ንጥረ ነገር በመፈለግ ላይ ሳለ ነበር። ከቡድኑ መድኃኒቶች በአሜሪካ ለሕክምና የመጀመሪያውን ፈቃድ ያገኘው ሎቫስታቲን ነው፤ ዓመቱም እ.ኤ.አ. 1987 ነበር። ሁሉም የሚሠሩት ጉበት ኮሌስትሮል ለማምረት የሚጠቀምበትን አንድ ኤንዛይም (ኬሚካላዊ ሥራን የሚያፋጥን ፕሮቲን) በመግታት ነው። ይህ የማምረቻ መንገድ ግን ኮሌስትሮልን ብቻ አያስገኝም፤ የመከላከያ ሴሎች ለመንቀሳቀስና መልእክት ለመለዋወጥ የሚያስፈልጓቸው ሌሎች ንጥረ ነገሮችም የሚወጡት ከዚሁ ነው። በመሆኑም ስታቲን ብግነትን (ሰውነት ለጉዳት ወይም ለጀርም ምላሽ ሲሰጥ የሚፈጠረውን መቆጣት) በመጠኑ ያበርዳል። ይህ አንድ እውነታ ሁለት ተቃራኒ ግምቶችን ወለደ። አንዱ ወገን «ብግነትን ካበረደ ከኢንፌክሽን ጉዳት ይጠብቃል» አለ፤ ሌላው ደግሞ «ብግነትን ካበረደ መከላከያውን ያዳክማል» ብሎ ሠጋ።

ሥጋቱን ያጠናከረው አንድ የስፔን ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ይህ ጥናት ስትሮክ በደረሰባቸው የመጀመሪያ ሰዓታት ሲምቫስታቲን የተሰጣቸውን ታማሚዎች መድኃኒት አልባ ክኒን ከተሰጣቸው ጋር አወዳድሮ፣ ሲምቫስታቲን በወሰዱት ላይ ኢንፌክሽን በዝቶ አገኘ። ይሁን እንጂ በጥናቱ የተካተቱት ሰዎች በአጠቃላይ 60 ብቻ ነበሩ። በ60 ሰዎች ላይ የታየ ልዩነት ለተጨማሪ ምርመራ በቂ ምክንያት ነው፤ መድኃኒት ለማቋረጥ ግን በቂ አይደለም። ይህን የምለው ጥናቱን ለማቃለል አይደለም፤ ተመራማሪዎቹ ያዩትን ሳይደብቁ ማሳወቃቸው ተገቢ ነበር።

የተስፋው ወገን መነሻ ደግሞ የሕክምና መዝገቦች ናቸው። መዝገብ ተገላብጦ ሲታይ ስታቲን የሚወስዱ ሰዎች ከማይወስዱት ያነሰ የሳንባ ምች ያለባቸው መስለው የሚታዩበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ክኒኑን ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው ብዙውን ጊዜ ክትባቱንም የሚከተብ፣ ቀጠሮውንም የሚያከብር፣ የሚንከባከበው ቤተሰብም ያለው ነው። በሌላ በኩል በጠና የታመመና መዋጥ ያቃተው ታማሚ ስታቲኑን መውሰድ ስለማይችል «ካልወሰዱት» ጎራ ይመደባል፤ ለኢንፌክሽን ይበልጥ የተጋለጠውም እሱ ነው። በዚህ ዓይነቱ ንጽጽር የመድኃኒቱን ሥራ ከሰውየው ሁኔታ መለየት አስቸጋሪ ነው።

ስለዚህ የሚያስተማምነው ሰዎች በዕጣ ተመድበው የተካሄደ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የቀረበ አንድ ትንተና እንዲህ ያሉ 11 ጥናቶችንና 30,947 ሰዎችን አጠቃልሎ ሲመለከት፣ ስታቲን በወሰዱትና ባልወሰዱት መካከል በኢንፌክሽን ረገድ ልዩነት አላገኘም። አብዛኞቹ የስትሮክ ታማሚዎች እንዳልነበሩ መናገር ይገባል። በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተደረጉትም ሙከራዎች ተመሳሳይ ነገር ተናግረዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 በፈረንሳይ፣ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ሳሉ የሳንባ ምች ለያዛቸው ሰዎች ሲምቫስታቲን የሰጠው ጥናት ጥቅም ስላልታየበት ከታቀደው ጊዜ በፊት ቆሟል። ከዚህ ሁሉ የምወስደው ለአስታማሚው የሚበጅ አንድ ፍርድ አለ፦ ስታቲን ኢንፌክሽን አምጪ ተብሎ የሚወነጀልበት አስተማማኝ ማስረጃ የለም፤ ኢንፌክሽን ተከላካይ ተብሎ የሚታመንበትም አስተማማኝ ማስረጃ የለም። የታዘዘው ቀጣዩን ስትሮክ ለመከላከል ነው።

ክኒኑን በራስ ፈቃድ አያቋርጡ

እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ የታወቀውና ስትሮክ ወይም አላፊ ስትሮክ (ምልክቱ ቶሎ የሚጠፋ) የደረሰባቸው 4,731 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ በቀን 80 ሚሊግራም አቶርቫስታቲን የወሰዱትን መድኃኒት አልባ ክኒን ከወሰዱት ጋር ለአምስት ዓመት ያህል ተከታትሎ አወዳድሯል። ዳግም ስትሮክ የደረሰው ስታቲን ከወሰዱት ከመቶ 11.2፣ ካልወሰዱት ደግሞ ከመቶ 13.1 ላይ ነው። በዚሁ ጥናት የአንጎል ደም መፍሰስ ስታቲን በወሰዱት ላይ በመጠኑ ከፍ ብሎ ታይቷል፤ ከመቶ 2.3 ከመቶ 1.4 ጋር ሲነጻጸር ማለት ነው። በመሆኑም ስትሮኩ በደም መፍሰስ የመጣ ከሆነ ስታቲን ይቀጥል ወይስ አይቀጥል የሚለው ሐኪሙ ለብቻው መዝኖ የሚወስነው ጉዳይ ነው።

ማቋረጥ የሚያስከትለውን ጉዳት በቅርበት ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ሌላ የስፔን ጥናት ነው። ከስትሮኩ በፊትም ስታቲን ይወስዱ የነበሩ 89 ሰዎች በሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ ሆስፒታል በገቡባቸው የመጀመሪያ ሦስት ቀናት ብቻ መድኃኒቱ ተቋረጠባቸው። ከሦስት ወር በኋላ ሲታይ ካቋረጡት ከመቶ 60 ያህሉ፣ ከቀጠሉት ደግሞ ከመቶ 39 ያህሉ ሞተዋል ወይም የሰው እርዳታ ጠባቂ ሆነዋል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ከላይ 60 ሰው ያካተተውን ጥናት በጥንቃቄ እንዳየሁት ይህንንም በጥንቃቄ ነው የማየው። ቢሆንም የሦስት ቀን መቋረጥ እንኳ ቀላል ተደርጎ መታየት እንደሌለበት ያስገነዝባል።

በተግባር የሚደረገው ይህ ነው። ታማሚው ከስትሮኩ በፊት ስታቲን ይወስድ ከነበረ፣ የመድኃኒቱን ስምና መጠን በተቀባይ ክፍሉ ይንገሩ፤ ከተቻለ ዕቃውን ራሱን ይዘው ይቅረቡ። በሚቀጥለው ቀን በመድኃኒት መስጫ ሰሌዳው ላይ መኖሩን ይጠይቁ። ከሌለ «ሆን ተብሎ ነው የቀረው ወይስ ተረስቶ?» ብሎ መጠየቅ የአስታማሚ መብት ነው። ብዙ ጊዜ የሚቀረው መዋጥ ስላልተቻለ ነው፤ በዚህ ጊዜ በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ መስጠት ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ።

ክኒኑን እንዴት እንደሚሰጡ

ከሁሉ አስቀድሞ፣ የታማሚው አዋዋጥ በሰለጠነ ባለሙያ ሳይፈተሽ በአፉ ምንም አይስጡ። ምንም ማለት ውኃም፣ ክኒንም፣ ማርም ጭምር ነው። የሚያክመው መድኃኒት ራሱ ወደ ሳንባ ከገባ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይቀድማል።

ፈተናውን ካለፈ በኋላም በእያንዳንዱ ጊዜ መመልከት ያስፈልጋል። ታማሚውን ወንበር ላይ ወይም አልጋው ላይ ቀጥ አድርገው ያስቀምጡት፤ የደከመው ጎኑ በትራስ ይደገፍ። እርስዎም ፊት ለፊቱ፣ ከዐይኑ ትይዩ ይቀመጡ፤ ቆመው ከላይ ከሰጡት ቀና ብሎ ለመዋጥ ስለሚገደድ አየር ቧንቧው ይበልጥ ይከፈታል። አገጩን በትንሹ ወደ ደረቱ እንዲያቀርብ የነገራችሁ የአዋዋጥ ባለሙያ ካለ እሱን ይከተሉ። ክኒኑን ደህና በሆነው በኩል ምላሱ ላይ ያድርጉና በተፈቀደለት ውፍረት ባለው ፈሳሽ ያውጡት። ከዚያ የጉሮሮው ጉብታ ከፍ ብሎ መመለሱን ይዩ፤ «አ» እንዲል ይጠይቁት። ድምፁ እንደ ቀድሞው ጥርት ካለ መልካም ነው። ውኃ ያዘለ፣ የሚንቦጫረቅ ዓይነት ድምፅ ከሆነ ግን የሆነ ነገር ከድምፅ አውታሩ ላይ ቀርቷል፤ ቀጣዩን ጉርሻ አይስጡ፣ እንዲያስል ያግዙት፣ ለነርሷም ይንገሩ። በመጨረሻ በደከመው ጎን በጉንጩና በድዱ መካከል ይመልከቱ። ከሰዓታት በፊት የተሰጠ ክኒን በከፊል ሟሙቶ እዚያ ተደብቆ መገኘቱ የተለመደ ነው። ከሰጡት በኋላ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ አያስተኙት።

ክኒኑ ይፈጭ እንደሆነ ሁልጊዜ የፋርማሲ ባለሙያ ይጠይቁ። አንዳንዱ ሊፈጭ ይችላል፤ ቀስ በቀስ እንዲለቀቅ ተደርጎ የተሠራ እንደ ፍሉቫስታቲን ያለ ግን ከተፈጨ የአንድ ቀኑ መጠን በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ሲምቫስታቲን ማታ ማታ ይወሰዳል፤ አቶርቫስታቲንና ሮሱቫስታቲን በየትኛውም ሰዓት፣ ነገር ግን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ቢወሰዱ ይበቃል። አንድ ቀን ከተረሳ በማግሥቱ እጥፍ አይሰጥም።

ኢንፌክሽንን በእውነት የሚቀንሱ ነገሮች

የአፍ ንጽሕና ከሁሉ የቀለለና ከሁሉ በላይ የሚረሳ ነው። በአፉ የማይመገብ ታማሚ አፉ መጽዳት የማያስፈልገው ይመስላል፤ እውነታው ግን ተቃራኒው ነው፤ የማይበላ አፍ በምራቅ ስለማይታጠብ ቶሎ ይቆሽሻል። ጥርስን፣ ድድንና ምላስን በለስላሳ ብሩሽ በቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ያጽዱ፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለው ማታ ወጥቶ ይታጠብ። ሲያጸዱ ውኃው ወደ ጉሮሮው እንዳይወርድ ጭንቅላቱን ወደ ጎን ያዘንብሉት።

የሽንት ቱቦ ካለው በየቀኑ «ዛሬም ያስፈልጋል?» ብለው ይጠይቁ። ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛው ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፤ ሽንቱ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ነው። በእንቅስቃሴ ረገድ መጠኑን የሚወስነው የሕክምና ቡድኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመና ከ2,000 በላይ ታማሚዎችን ያካተተ ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ታማሚውን ደጋግሞና አጠንክሮ ማንቀሳቀስ ከተለመደው እንክብካቤ የከፋ ውጤት እንዳስከተለ አሳይቷል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን «ይነሣ፣ ይራመድ» ብሎ ማስጨነቅ አያስፈልግም፤ ማገላበጥና ቀስ ብሎ ማስቀመጥ ግን ሊታለፍ አይገባም።

የሙቀት መጠን በየጊዜው ይለካ። በአውስትራሊያ በ19 የስትሮክ ክፍሎች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት፣ ነርሶች በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ትኩሳትን፣ የደም ስኳርንና አዋዋጥን በወጥ መመሪያ ሲከታተሉ፣ ከሦስት ወር በኋላ የሚሞቱና የሰው እርዳታ ጠባቂ የሚሆኑ ሰዎች ከመቶ 58 ወደ ከመቶ 42 መውረዳቸውን አሳይቷል። ትኩሳት ተብሎ እርምጃ የሚወሰድበት ከ37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ጀምሮ ነበር። ይህ ውጤት በየትኛውም አዲስ መድኃኒት የተገኘ አይደለም፤ ስለ ስትሮክ እንክብካቤ ከማውቃቸው ማስረጃዎች ሁሉ ይበልጥ የሚያበረታታኝም ለዚህ ነው።

«ገና ሳይታመም አንቲባዮቲክ ቢሰጠውስ?» የሚል ጥያቄ ከቤተሰብ ብዙ ጊዜ ይነሣል። ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ በሆኑ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች፣ አንዱ በኔዘርላንድስ ሌላው በብሪታንያ፣ አስቀድሞ የተሰጠ አንቲባዮቲክ የታማሚዎቹን መጨረሻ አላሻሻለም፤ በብሪታንያው የሳንባ ምችንም አልቀነሰም። ታማሚው ከተረጋጋ በኋላ የኢንፍሉዌንዛና የኒሞኮካል (የሳንባ ምች አምጪ ባክቴሪያ) ክትባት ስለመውሰድ ሐኪሙን መጠየቅ የተሻለ መንገድ ነው።

አንቲባዮቲክ ሲታዘዝ ከስታቲኑ ጋር ያመሳክሩ

አሁን ወደ ዋናው የመገናኛ ነጥብ ደረስን። ታማሚው ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት ገብቷል እንበል። ሳል ጀመረው፤ ልጁ በአቅራቢያ ወዳለ ሌላ ሐኪም ወሰደው፤ ማዘዣው ላይ ክላሪትሮማይሲን 500 ሚሊግራም፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለሰባት ቀን ተብሎ ተጻፈ። ያዘዘው ሐኪም ታማሚውን ከዚህ በፊት አያውቀውም፤ ልጁም «ሌላ የሚወስደው መድኃኒት አለ?» ሲባል የደም ግፊቱንና አስፕሪኑን ብቻ ጠራ። በመኝታ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ሲምቫስታቲን 40 ሚሊግራም አለ። ማታ ሁለቱም አንድ ላይ ይዋጣሉ።

ሲምቫስታቲን፣ ሎቫስታቲንና በመጠኑም አቶርቫስታቲን ከሰውነት የሚወገዱት ሲ.ዋይ.ፒ. 3ኤ4 በተባለ የጉበትና የአንጀት ኤንዛይም ነው። ክላሪትሮማይሲንና ኤሪትሮማይሲን ይህን ኤንዛይም ያግዱታል። ስታቲኑ መውጫው ስለተዘጋበት በደም ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄድና ጡንቻን መጉዳት ይጀምራል። ጉዳቱ ሲከፋ የጡንቻ ሴሎች ይፈራርሳሉ፤ ከውስጣቸው የሚወጣው ፕሮቲን ኩላሊትን እስከ ማቆም ይደርሳል። የሚያሳዝነው፣ ይህን ያመጣው ስታቲኑ ወይም አንቲባዮቲኩ ለብቻው ሳይሆን መገጣጠማቸው ነው፤ አንድ ጥያቄ ቢጠየቅ ይቀር ነበር።

በዚሁ መንገድ የሚጋጩ ሌሎችም አሉ። ለፈንገስ ከሚሰጡት ኢትራኮናዞል፣ ኬቶኮናዞልና ፖሳኮናዞል ከሲምቫስታቲን ጋር አይሰጡም። ለኮቪድና ለኤች.አይ.ቪ. በሚሰጡ አንዳንድ ሕክምናዎች ውስጥ ያለው ሪቶናቪርም ሲምቫስታቲንንና ሎቫስታቲንን ያስከለክላል። በአፍ ወይም በመርፌ የሚሰጠው ፊውሲዲክ አሲድ የተባለ አንቲባዮቲክ ደግሞ ከየትኛውም ስታቲን ጋር መሰጠት የለበትም፤ ስታቲኑ ይቆምና የመጨረሻው የፊውሲዲክ አሲድ መጠን ከተወሰደ ከሰባት ቀን በኋላ ይቀጥላል። ዳፕቶማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ጡንቻን በራሱም ሊጎዳ ስለሚችል ሐኪሞች በሚሰጡበት ጊዜ ስታቲኑን ለጊዜው ማቆምን ያስቡበታል። ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን በተቃራኒው የአንዳንድ ስታቲኖችን ኃይል ይቀንሳል። አሞክሲሲሊንና ሴፍትሪያክሶን ግን ከስታቲን ጋር የሚያሳስብ ግጭት የላቸውም፤ አዚትሮማይሲንም ኤንዛይሙን እንደ ክላሪትሮማይሲን አያግድም። ይህን የጻፍኩት መድኃኒት መርጣችሁ እንድትገዙ ሳይሆን አማራጭ መኖሩን አውቃችሁ እንድትጠይቁ ነው።

መጠየቂያው ቀላል ነው። በየትኛውም ቦታ አንቲባዮቲክ ወይም የፈንገስ መድኃኒት ሲታዘዝ «ስትሮክ ነበረበት፤ ይህን ስታቲን በዚህ መጠን ይወስዳል፤ አብሮ ይሄዳል?» ይበሉ። ሐኪሙ ወይ አንቲባዮቲኩን ይለውጣል፣ ወይ የስታቲኑን መጠን ይቀንሳል፣ ወይ ለአጭር ጊዜ ያቆመዋል። ካቆመው «የሚቀጥለው በየትኛው ቀን ነው?» ብለው ጠይቀው ቀኑን መድኃኒቱ ዕቃ ላይ በወፍራም ብዕር ይጻፉ። ለሰባት ቀን የቆመ ስታቲን ማንም ሳያስታውሰው ለወራት ሲቆም የሚታየው ይህ ቀን ስላልተጻፈ ነው።

የጡንቻ ምልክትን ከስትሮኩ ድካም መለየት

የስትሮክ ታማሚ ቀድሞውንም የደከመ ጎን አለው፤ የጡንቻ ጉዳት የሚሳተውም በዚህ ነው። ልዩነቱን በሦስት ነገር ይዩ። የስትሮኩ ድካም በአንድ ጎን ሲሆን የስታቲን ጉዳት ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ጭኖችና ሁለቱንም ትከሻዎች ይይዛል። የስትሮኩ ድካም በአመዛኙ ሕመም የለውም፤ ይህኛው ግን ሲነካ ያማል፣ እንደ ዛለ ሰውነት ይከብዳል። ሦስተኛው ሽንት ነው፤ የጥቁር ሻይ ዓይነት መልክ ካመጣ ሰዓት ሳይሰጥ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። እዚያም ክሬአቲን ካይኔዝ የተባለውን፣ የጡንቻ መጎዳትን የሚያሳየውን የደም ምርመራና የኩላሊት ምርመራ ያደርጉለታል። መናገር ለማይችል ታማሚ ልብሱን ሲያለብሱት ጭኑን ሲነኩት ፊቱ መኮማተሩን ማስተዋል ብቸኛው ምልክት ሊሆን ይችላል። የዐይን ቢጫ መሆንም ለጉበት ምርመራ ምክንያት ነው።

ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ተሰራጭቶ ኩላሊት ወይም ጉበት ሲጎዳ ሐኪሞቹ ራሳቸው ስታቲኑን ለጊዜው ሊያቆሙት ይችላሉ። ይህ ታማሚውን ከማይወገድ መድኃኒት ክምችት ለመጠበቅ ነው እንጂ ኢንፌክሽኑን ያመጣው ስታቲን ስለሆነ አይደለም።

በሕመም ወቅት የተለካ ኮሌስትሮል

ከባድ ኢንፌክሽን በራሱ የደም ኮሌስትሮልን ዝቅ ያደርጋል። በሳንባ ምች መሐል የተለካ ዝቅተኛ ቁጥር «ኮሌስትሮሉ ወርዷል፣ መድኃኒቱ ይብቃ» አያሰኝም። ታማሚው ካገገመ ከሳምንታት በኋላ ድጋሚ ይለካ። ስትሮካቸው ከደም ሥሮች መደፈን ጋር ለተያያዘ ሰዎች ብዙ ሐኪሞች የሚያልሙት የኤል.ዲ.ኤል. («መጥፎ» የሚባለው ኮሌስትሮል) መጠን ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ነው።

ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱ ምልክቶች

ሽማግሌ ወይም በጣም የደከመ ሰው ኢንፌክሽን ሲይዘው ትኩሳት ላያሳይ ይችላል። ትናንት ስምዎን ጠርቶ ያነጋገረዎት ሰው ዛሬ ሲቃዥ፣ ከእንቅልፍ ለመንቃት ሲቸገር ወይም ሲሻለው የነበረው ጎን ድንገት ሲከብደው፣ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ኢንፌክሽን ወይም አዲስ ስትሮክ ይሁን። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ቤት ውስጥ መለየት ስለማይቻል ሁለቱም እኩል አስቸኳይ ናቸው። ትንፋሹ ከወትሮው ከፈጠነ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ሲበላ ድምፁ ከተለወጠ፣ ሽንቱ ካነሰ ወይም ከደፈረሰ አይጠብቁ። ሲሄዱ አንድ ወረቀት ይያዙ፦ ስትሮኩ የደረሰበት ቀንና ዓይነቱ፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች በሙሉ ከነመጠናቸውና ከነሰዓታቸው፣ ስታቲኑን መጨረሻ የዋጠበት ሰዓት፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት የተሰጠው አንቲባዮቲክ ካለ ስሙ፣ ምን ዓይነት ምግብና ፈሳሽ እንደተፈቀደለት። ወረቀቱ በሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ በአስታማሚው ኪስ፣ ሌላው ከታማሚው መታወቂያ ጋር።